ኮዱ «ግንኙነት ጠፍቷል» ሲላችሁ ሞጁል ለመግዛት አትቸኩሉ

የፊቱ ኤሲ በደንብ እየሠራ የኋላው ብቻ እየጠፋ የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ ይህን የጻፍኩት ለእናንተ ነው። በተለይ ጋራዥ ሄዳችሁ «የኋላው ሞጁል (የኋላ ኤሲውን የሚያዝዘው ትንሽ ኮምፒውተር) ሞቷል» ተብላችሁ ዕቃ ልታዝዙ ከሆነ፣ ብሩን ከመላካችሁ በፊት እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። እኔ ያወጣሁትን ወጪ ሌላ ሰው እንዲደግመው አልፈልግም።

ባሕር ዳር ውስጥ ሰው በማመላለስ ነው የምተዳደረው። መኪናዬ ያገለገለ ሆኖ ከውጭ የገባ ባለ ስምንት መቀመጫ ነው። ሰርግ ሲሆን ሚዜ እጭናለሁ። እንግዳ ሲመጣ ጢስ ዓባይ ወይም ጎንደር አደርሳለሁ። ወደ ዘጌ በጀልባ የሚሻገሩትን ደግሞ ጠዋት ጣና ዳር አወርዳለሁ። ለእንዲህ ያለ ሥራ የኋላ ኤሲ ቅንጦት አይደለም። የከተማችንን የሚያዝያ ፀሐይ የቀመሰ ያውቀዋል። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያለው መስኮት አይከፈትም። እዚያ የሚቀመጡት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ልጆች ናቸው።

ችግሩ የጀመረው በጥር ሰርጎች ሰሞን ነው። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይቺ ነገር ትነፍስና ትተዋለች» አሉኝ። ቆም አድርጌ አየሁት። እውነትም ፋኑ ይነፍሳል፣ ድምፁ ይወርዳል፣ ዝም ይላል። ጥቂት ቆይቶ በራሱ ይነሳል። ጣሪያው ላይ ያሉትን የኋላ ቁልፎች ሲጫኗቸው አንዳንዴ ይታዘዛሉ፣ አንዳንዴ አይታዘዙም። ከፊት ሆኜ የኋላውን ስከፍተው ደግሞ የቁልፉ መብራት ብልጭ ድርግም ይልና ይጠፋል። የፊቱ ግን ምንም አልሆነም። እንደ በረዶ ያቀዘቅዛል።

ያኔ ስልኬ ላይ ማስታወሻ መያዝ ጀመርኩ። መቼ ጠፋ፣ የት መንገድ ላይ፣ ፋኑ ስንት ቁጥር ላይ ነበር፣ ከዚያ በፊት መኪናው ምን ሆኖ ነበር። በኋላ ነገሩን ከፈቱት ነገሮች አንዱ ይህ ማስታወሻ ነው። እናንተም ከዛሬ ጀምራችሁ ያዙ። አንዳንዴ የሚመጣ አንዳንዴ የሚሄድ ብልሽት ጋራዥ በር ላይ ስትደርሱ ደህና ይሆናል። መካኒኩም «ምንም የለበትም» ብሎ ይመልሳችኋል። ማስታወሻ ካላችሁ ግን ብልሽቱ የሚመጣበትን ሁኔታ እዚያው ፈጥራችሁ ማሳየት ትችላላችሁ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ «ጋዝ አንሷል» አለኝና ጋዝ ሞላልኝ። ለውጥ የለም። ሊኖርም አይችልም ነበር። በብዙዎቹ ባለ ሁለት ኤሲ መኪኖች የፊቱና የኋላው የሚጠቀሙት በአንድ ኮምፕሬሰርና በአንድ ጋዝ ነው። ጋዝ ሲያንስ የሚመጣው አየር አይቀዘቅዝም እንጂ ፋኑ መንፈሱን አያቆምም። ስለዚህ የኋላው ፋን ራሱ ከቆመ ነገሩ አብዛኛውን ጊዜ የኤሌክትሪክ ነው። ነፋሱ በደንብ እየመጣ ሙቅ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጉዳይ ነው። ያኔ ሙቁንና ቀዝቃዛውን አየር የምትከፋፍለዋን ክዳን የሚያዞረው ትንሽ ሞተር ይጠረጠራል። እሱን አሁን አልነካውም።

ቀጥሎ ያየው ጋራዥ ኮምፒውተር ሰካለት። ዩ0165 (U0165) የሚል የብልሽት ኮድ ወጣ። ትርጉሙ «ከኋላው የኤሲ መቆጣጠሪያ ሞጁል ጋር ያለው ግንኙነት ጠፍቷል» ማለት ነው። የፊቱ ቢሆን ኖሮ ዩ0164 ይል ነበር። ሰውየው ስክሪኑን አሳየኝና «በቃ፣ ሞጁሉ ሞቷል፣ ካልተቀየረ አይሠራም» አለኝ። ንግግሩ በጣም እርግጠኛ ስለነበር ማንም ያምነዋል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው እዚህ ጋ ነው።

በዘመኑ መኪና ውስጥ ብዙ ትንንሽ ኮምፒውተሮች አሉ። የሞተሩ፣ የፍሬኑ፣ የበሩ፣ የፊት ኤሲው፣ የኋላ ኤሲው። እነዚህ አብዛኛውን ጊዜ ካን በሚባል የግንኙነት መስመር ይነጋገራሉ። ካን የጀርመኑ ኩባንያ ቦሽ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ያወጣው ዘዴ ሲሆን በሁለት የተጠማዘዙ ቀጫጭን ሽቦዎች የሚሠራ ነው። እያንዳንዱ ሞጁል በየጊዜው «አለሁ» የሚል መልእክት ይልካል። የአንዱ መልእክት ለተወሰነ ጊዜ ሲቀር ሌሎቹ በዩ የሚጀምር ኮድ ይመዘግባሉ። ኮዱን የጻፈው የጠፋው ሞጁል አይደለም። የጻፉት የጠበቁት ናቸው። ዕድር ላይ ስም ሲጠራ አቤት ያላለ ሰው ሞተ አይባልም። ታሞ ይሆናል፣ መንገድ ተዘግቶበት ይሆናል፣ ከተማ ውስጥ አልነበረም ይሆናል። ኮዱም የሚለው «ድምፁን አልሰማንም» ብቻ ነው። ለምን እንዳልተሰማ አይናገርም።

ሞጁል ዝም የሚልባቸው ምክንያቶች ደግሞ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ወይ ፖዘቲቭ አልደረሰውም። ወይ ኔጌቲቩ፣ ማለትም ከመኪናው ብረት ጋር የሚታሰረው ማሳው፣ ተበላሽቷል። ወይ የመነጋገሪያ ሽቦው ተቆርጧል ወይም ከአካሉ ጋር ተነካክቷል። ወይ ሶኬቱ ውስጥ ውኃ ገብቷል። ሞጁሉ ራሱ መሞቱ የሚጠረጠረው እነዚህ ሁሉ ተለክተው ነፃ ከወጡ በኋላ ነው። በእኔ መኪና ላይ ግን ማንም ምንም አልለካም ነበር።

ሞጁሉን ከአዲስ አበባ አስፈለግኩ። ያገለገለ ተገኘ። ዋጋው አንድ ወር ከምሠራው ብዙም አይተናነስም። ደረሰኙ ላይ «የኤሌክትሪክ ዕቃ አይመለስም» የሚል ማኅተም አለበት። ይህን የማታውቁ ካላችሁ እወቁት፤ አብዛኛው የመለዋወጫ ሱቅ የኤሌክትሪክ ዕቃ መልሶ አይወስድም። ሞጁሉ ተገጠመ። መጀመሪያ ጭራሽ አልሠራም፤ ከሌላ መኪና የወጣ ስለሆነ ከእኔ መኪና ጋር በኮምፒውተር ማስተዋወቅ ያስፈልግ ነበር። እሱም ሌላ ወጪ ነው። ከዚያ ሠራ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ።

ከፋሲካ በኋላ አንድ የሰርግ ቡድን ጭኜ ሙቀቱ ሲበረታ ልጆቹ የኋላውን ፋን እስከ መጨረሻው ከፈቱት። ነፈሰ፣ ወረደ፣ ዝም አለ። ልክ እንደ ድሮው።

ነገሩ የተለወጠው ያን ቀን ነው። ሁለት የተለያዩ ሞጁሎች በአንድ ዓይነት መንገድ አይታመሙም። ሁለቱም እዚያው ቦታ ላይ ሲቀመጡ እንደዚያ ከሆኑ ቦታው ነው የታመመው። ማስታወሻዬን ከፍቼ ከላይ እስከ ታች አነበብኩት። ያኔ በደንብ ታየኝ። ፋኑ በዝቅተኛ ቁጥር ላይ እያለ ጠፍቶ አያውቅም። የጠፋው ሁልጊዜ ከፍ ሲል ነው። ከላቫጆ ስወጣ ይብሳል። ፀሐይ ላይ ውሎ ሲያድር ይሻለዋል። ወደ ጢስ ዓባይ በሚወስደው መንገድ ኮረኮንቹ ሲያንገጫግጨውም ይጠፋል።

በዚያው ሰሞን ሌላ ሾፌር ዓባይ ማዶ ያለ አንድ የመኪና ኤሌትሪሻን ነገረኝ። አዲሱን ድልድይ ተሻግሬ ሄድኩ። ወጣት ልጅ ነው። ኮምፒውተሩን ከማንሳቱ በፊት ወንበር ሰጠኝና «ጋሼ፣ መጀመሪያ ይንገሩኝ፣ መቼ መቼ ነው የሚጠፋው?» አለኝ። ማስታወሻዬን አሳየሁት። ዝም ብሎ አነበበና «ይሄ ሞጁል አይመስለኝም» አለ። መኪናውን ገና አልነካውም።

ከዚህ በኋላ ያደረገውን ዘርዘር አድርጌ እነግራችኋለሁ። የትም ጋራዥ ብትሄዱ እንዲደረግላችሁ መጠየቅ ያለባችሁ ይህንን ነው።

ከባትሪ ጀመረ። ሞተሩ ጠፍቶ ያረፈ ጤነኛ ባትሪ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ሞተሩ ሲነሳ ከ13.8 እስከ 14.5 አካባቢ መሆን አለበት። የደከመ ባትሪ በብዙ ሞጁሎች ላይ የግንኙነት ኮድ ያስጽፋል። ስለዚህ በዩ የሚጀምሩ ኮዶች በአንዴ ከየአቅጣጫው ከወጡባችሁ መጀመሪያ ባትሪና ዲናሞ አስለኩ። የእኔ ደህና ነበር።

ከዚያ ሁሉንም ሞጁሎች የሚያነብ ማሽን ሰካ። ስልክ ላይ በብሉቱዝ የሚሠሩት ርካሽ ማንበቢያዎች ብዙውን ጊዜ የሚያነቡት የሞተሩን ብቻ ነው። በእነሱ «ኮድ የለም» ብትባሉ አትመኑ። ኮዶቹን በወረቀት ጻፋቸው። የትኛው የአሁን፣ የትኛው የቆየ እንደሆነም ለየ። ከዚያ አጠፋቸውና ፋኑን በዝቅተኛ ከፈተው። ኮድ የለም። እስከ ላይ ከፍ አደረገው። ጠፋ። ዩ0165 ተመልሶ መጣ። ብልሽቱን በራሱ እጅ፣ በፈለገው ሰዓት ማምጣት ቻለ። ግማሹ ሥራ ያኔ አለቀ።

ቀጥሎ የመነጋገሪያ መስመሩን ለካ። በብዙ መኪኖች ባትሪው ከተነቀለ በኋላ፣ ከመሪው ሥር ባለው የኮምፒውተር መሰኪያ 6ኛውና 14ኛው ቀዳዳ መካከል በመልቲሜትር ይለካል። በመስመሩ ሁለት ጫፎች እያንዳንዳቸው 120 ኦም የሆኑ ሬዚስተሮች ስላሉ ጤነኛ መስመር 60 ኦም አካባቢ ያሳያል። 120 ካሳየ አንደኛው ጫፍ ተቆርጧል። ዜሮ ከተጠጋ ሁለቱ ሽቦዎች ተነካክተዋል። የእኔ 60 አሳየ።

እዚህ ላይ ልጁ የነገረኝ በጣም ጠቃሚ ነገር አለ። 60 አየሁ ብሎ መስመሩ ሁሉ ደህና ነው ማለት አይቻልም። የኋላው ሞጁል ብዙ ጊዜ ከዋናው መስመር በቅርንጫፍ የወጣ ነው። ቅርንጫፉ ቢቆረጥም ዋናው መስመር 60 ማሳየቱን አያቆምም። ስለዚህ ኋላ ሄዶ፣ ሞጁሉ የሚሰካበትን ሶኬት ነቅሎ እዚያም ለካ። 60። ሁለቱም ሽቦዎች ከፊት እስከ ኋላ ደርሰዋል ማለት ነው። በአንዳንድ መኪኖች የኋላው ሞጁል ሊን በሚባል በአንድ ሽቦ ብቻ ነው የሚነጋገረው። ያኔ የ60 ኦሙ ነገር አይሠራም። ሽቦው መልእክት በማያስተላልፍበት ጊዜ ወደ ባትሪው ቮልት የተጠጋ ማሳየት አለበት። የመኪናችሁን የሽቦ ንድፍ ማግኘት ከቻላችሁ ብዙ ድካም ይቀንሳል።

ባትሪውን መልሶ ካሰረ በኋላ ፖዘቲቩን ለካ። መልቲሜትር ብቻ አልተጠቀመም። መልቲሜትር የሚስበው ኮረንት ኢምንት ስለሆነ፣ ሊበጠስ አንድ ክር የቀረው ሽቦ ላይ እንኳ 12 ቮልት ያሳያል። እሱ የፍሬቻ አምፖል፣ ባለ 21 ዋቱን፣ በሁለት ሽቦ አሰረና በሞጁሉ ፖዘቲቭና በንጹሕ የመኪናው ብረት መካከል አገናኘው። አምፖሉ ቦግ ብሎ በራ። ፖዘቲቩ ጤነኛ ነው። አደራ፣ አምፖል በመነጋገሪያ ሽቦዎቹ ላይ እንዳታገናኙ። ቢጫ ሶኬት ያለበትንም ጨርሶ አትንኩ፤ ቢጫው የኤርባግ ነው።

የቀረው ማሳው ነበር። ሞጁሉን መልሶ ሰካው። የመልቲሜትሩን አንድ ጫፍ በሶኬቱ ጀርባ በኩል ከሞጁሉ የኔጌቲቭ ሽቦ ጋር አነካካ። ሌላኛውን ጫፍ በረጅም ሽቦ ቀጥሎ እስከ ባትሪው ኔጌቲቭ ወሰደው። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ዞሮ ኳድሮው ተከፈተ። ጤነኛ ማሳ ቢሆን በሁለቱ መካከል ልዩነት መኖር የለበትም፤ ቢበዛ 0.1 ቮልት ነው። እኔ መልቲሜትሩን እንድይዝለት ሰጠኝና ከፊት ሆኖ ፋኑን ከፈተ።

በዝቅተኛው ቁጥር ላይ ግማሽ ቮልት አካባቢ አሳየ። «ይሄም ብዙ ነው» አለ ከፊት ሆኖ። አንድ ከፍ አደረገ። ከአንድ ቮልት አለፈ። እንደገና ከፍ አደረገ። ቁጥሩ እየሮጠ ወደ አራት ቮልት ሲጠጋ ፋኑ ዝም አለ። ወዲያው ስክሪኑ ዜሮ ሆነ። ጥቂት ቆየና ፋኑ ተነሳ፣ ቁጥሩም አብሮ ወጣ። ደግሞ ዝም፣ ደግሞ ዜሮ። ለወራት ስሰማው የነበረው የመንፈስና የመተው ድምፅ እጄ ላይ በቁጥር ሲወጣና ሲወርድ አየሁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የፋኑ ማሳና የሞጁሉ ማሳ የሚታሰሩት በአንድ ብሎን ላይ ነው። ብሎኑ ከአካሉ ጋር ያለው ንክኪ ተበላሽቷል። ፋኑ ትንሽ ኮረንት ሲስብ ጉዳቱ አይታይም። ብዙ ሲስብ ግን ያ የተበላሸ ንክኪ ላይ አራት ቮልት ገደማ ይቀራል። ለሞጁሉ የሚተርፈው ከ12ቱ ስምንት ብቻ ይሆናል። በስምንት ቮልት ሞጁሉ መሥራት አይችልም፤ ይጠፋል። ሲጠፋ ፋኑም ይቆማል። ፋኑ ሲቆም ቮልቱ ይመለሳል። ሞጁሉ ይነቃል። ፋኑን ያስነሳል። እንደገና ይጠፋል። ሌሎቹ ሞጁሎች ደግሞ በጠፋ ቁጥር «ድምፁ አልተሰማም» ብለው ይጽፋሉ። አዲስ ሞጁል ብቀያይር ዕድሜ ልኬን አይስተካከልም ነበር።

ከመኪናው ኋላ በግራ በኩል ያለውን የውስጥ ፕላስቲክ ሽፋን ፈታው። ከዚያ በፊት ባትሪውን መልሶ ነቅሎ ጠበቀ፤ ጎን ላይ የመጋረጃ ኤርባግ ሊኖር ስለሚችል ይህ የግድ ነው። ከሽፋኑ ጀርባ ያለው የድምፅ መከላከያ ስፖንጅ ሲጨመቅ ውኃ ጠብ አለ። ብሎኑ እዚያው ነው። በሽቦዎቹ ጫፍ ያሉት ካፖኮርዳዎች አረንጓዴና ነጭ ዱቄት ለብሰዋል። ከሥራቸው ያለው ላሜራ ዝጎ ተቦርቡሯል። ብሎኑን በጣቱ ሲነካው ተነቃነቀ።

ውኃው ከየት መጣ? ይህን ሳይመልሱ ብሎኑን ብቻ ጠርጎ ማሰር ለሚቀጥለው ክረምት ቀጠሮ መያዝ ነው። ልጁ በላስቲክ ጠርሙስ ውኃ ይዞ በኋላው መብራት ዙሪያ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ጀመረ። እኔ ከውስጥ በስልኬ መብራት አየሁ። ውኃው በመብራቱ ላስቲክ በኩል ገባ፣ የሽቦውን ጥቅል ተከትሎ ወረደ፣ ቀጥ ብሎ ብሎኑ ላይ አረፈ። ላስቲኩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ክረምቱን በሙሉ ሲያስገባ ከርሟል። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ደግሞ ላቫጆው በፓምፕ ከቅርብ ሲመታው ያው ነው። እኛ አገር ከሰኔ እስከ መስከረም የሚወርደውን ዝናብ ታውቃላችሁ። ከፀሐይ አገር የመጣ መኪና ላስቲኩ ደርቆ ይመጣና የመጀመሪያው ክረምት ይፈርድበታል።

ጥገናው ቀላል ነው፤ ግን በጥንቃቄ መሠራት አለበት። የሽቦዎቹን ጫፍ ቀይ የሚያበራ መዳብ እስኪያገኝ ድረስ ቆረጠው። ሽቦ ውስጥ የገባ አረንጓዴ ወደ ላይ ስለሚሄድ ጫፉን ብቻ መጥረግ አይበቃም። አዲስ ካፖኮርዳ በፒንሳ ጨምቆ አሰረ። ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጎ ነጭ ብረት እስኪወጣ አጸዳ። ብሎኑንና ሮንዴላውን ቀየረ፣ በደንብ አጠበቀ። ካሰረ በኋላ ከላይ ፀረ ዝገት ቀባው። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ። ቀለም ወይም ግራሶ መጀመሪያ ቀብቶ ብሎን ማሰር ንክኪውን መልሶ ያበላሻል። የመብራቱ ላስቲክ በአዲስ ተተካ። ስፖንጁን አውጥተን ፀሐይ ላይ አደረቅነው። እርጥብ ስፖንጅ መልሶ መግጠም ብሎኑን ውኃ ውስጥ እንደመዝፈቅ ነው።

ከዚያ መልሶ ለካ። ፋኑ እስከ ላይ ተከፍቶ 0.03 ቮልት። ብልጭ ድርግም የለም። ቀጥሎ የድሮውን ሞጁሌን፣ «ሞቷል» የተባለውን፣ አምጣልኝ አለ። ሰካው። ያለ ምንም ችግር ሠራ። አሁንም መኪናዬ ላይ ያለው እሱ ነው።

የሠራተኛ ዋጋው ከሞጁሉ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። ለዚህ ነው ይህን የምጽፈው። በዚህ ኑሮ ውድነት የማያስፈልግ ዕቃ ገዝቶ የልጆቹን ጉርሻ የሚቀንስ ሰው እንዲኖር አልፈልግም።

ጋራዥ ስትሄዱ በጨዋ ደንብ ጠይቁ። «ምን ለካችሁ? ስንት አገኛችሁ?» በሉ። ኮዱን በቁጥሩ ጻፉልኝ በሉ። «ኮድ አወጣ» የሚለው መልስ አይደለም፤ ጅማሬ ነው። ማሳው ፋኑ እየሠራ ተለክቷል ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ፋኑ ጠፍቶ ቢለካ የእኔም ጤነኛ ነበር የሚመስለው። የሚያውቅ ባለሙያ በጥያቄያችሁ አይቆጣም። እንዲያውም ደስ ይለዋል። ሽቦ በመርፌ እየበሳ የሚለካ ካያችሁ ደግሞ በትሕትና አስቁሙት። የተበሳው ቦታ ውኃ ያስገባና ከዓመት በኋላ ሌላ ብልሽት ይሆናል። ከሶኬቱ ጀርባ መለካት ይቻላል።

የኋላ ቴሌቪዥን፣ የድምፅ ማጉያ ወይም ጂፒኤስ ያስገጠማችሁ ከሆነ ደግሞ ማሳቸው የት እንደታሰረ አስዩ። የእኔ መኪና ላይ ይህ አልነበረም። ግን ገጣሚዎች ቅርብ ያገኙት ብሎን ላይ ያስራሉ። ያ ብሎን የኋላ ኤሲያችሁ ማሳ ሊሆን ይችላል።

ጥገናው ካለቀ በኋላ እዚያው ቆሞ መሥራቱን ብቻ አይቼ አልተመለስኩም። ፋኑን እስከ ላይ ከፍቼ ወደ ጢስ ዓባይ በኮረኮንቹ ወጣሁ። ተመልሼ ላቫጆ ገባሁና የኋላ መብራቱ ላይ በደንብ አስመታሁት። ከዚያ ዓባይ ማዶ ሄጄ ኮምፒውተር አሰካሁ። ዩ0165 አልተመለሰም። ክረምቱም አለፈበት፤ አሁንም የለም።

የእናንተ መኪና ገና ምንም ምልክት ካላሳየ፣ ሰኔ ሳይገባ የኋላ መብራቶቻችሁን አስፈትታችሁ ላስቲካቸውን እዩ። በጥፍር ሲጫኑት የማይመለስ ወይም የተሰነጠቀ ከሆነ ቀይሩት። በብዙ መኪኖች ላይ አንድ ካቻቪቴና ትንሽ ጊዜ ይበቃዋል።